ወድቃ ነው

እናቴ የሚጥል በሽታ እንዳለባት ያወቅሁት በሰባት ዓመቴ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስሁበት።

ጎረቤት ፊቷን አይቶ ምን ሆነች ብሎ ሲጠይቅ አባቴ «ወድቃ ነው» ይላል። የንስሐ አባታችን ቄስ ሐብተ ማርያም ጠበል ሊረጩ መጥተው ያበጠ ዓይኗን ሲያዩ፣ እናቴ ራሷ «ወድቄ ነው አባ» ትላለች። በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ በገዛ ቤቱ ደልዳላ ወለል ላይ የሚወድቅ ሰው በሽታ ቢኖርበት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በክፍላችን እንዲህ የምትወድቅ ልጅ ነበረች። በወደቀች ቁጥር መምህራችን ክብሪት ጭራ ታሸታት ነበር። እኔም ከዚያ ወዲያ በደብተር ቦርሳዬ ክብሪት መያዝ ጀመርሁ።

አባቴ መልካሙ ግንበኛ ነበር። ከደባት ወርዶ ጎንደር ከተማ የገባ፣ በመዶሻና በመሮ ጥቁር ድንጋይ እንደ ሳሙና የሚጠርብ ሰው። ረጅም ነው፤ መልኩ ሸጋ ነው፤ ሲሠራ ያንጎራጉራል። በሰፈራችን ልጆች ዘንድ እንደ እሱ የሚወደድ አባት አልነበረም። ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ከአራዳ ወደ ቤታችን ሲወርድ የሰው ሁሉ አናት ከበታቼ ይሆናል። ጎንደርን ጠግቤ ያየኋት ከአባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የእናቴ በሽታ ሊነሣ ሲል ቀድሞ ማወቁ ነበር። እሑድ እሑድ ከጠላ ቤት ይመጣና መደቡ ላይ ይቀመጣል። አይጮኽም። እናቴ ምግብ ስታቀርብ እጇን እጇን ያያል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሕልዬ፣ እስቲ እትዬ ሐዲጃ ዘንድ ሄደሽ ተጫወቺ» ይለኛል። እናቴም ቀና ሳትል «ሂጂ ልጄ» ትላለች። ስመለስ እናቴ ወድቃ አገኛታለሁ። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ልጅ የእናቷን መንፈራገጥ እንዳታይ ብሎ ነው የሚያስወጣኝ ብዬ፣ ስለዚሁ አብልጬ እወደው ነበር።

እትዬ ሐዲጃ ከእኛ ሦስት በር አልፋ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ አራዳ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ሴት ነበረች። እሑድ እኔ በገባሁ ቁጥር ሥራ ትጀምራለች። ሙቀጫዋን ወደ በሩ ታስጠጋና ግቢው እስኪንቀጠቀጥ በዘነዘናዋ ትወቅጣለች። አንዳንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ሳይ ሙቀጫው ባዶ ነው። ባዶ ሙቀጫ የምትወቅጥ ሞኝ ናት ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ አውርቻለሁ። አሁን እኔም ልጅ ወልጄ ሳስበው፣ ሐዲጃ የምትወቅጠው ከእኛ ቤት የሚመጣው ድምፅ ጆሮዬ እንዳይደርስ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት፣ አባቴ እንደ ልማዱ አስወጣኝ። ሐዲጃ ግን ቤቷ አልነበረችም። ተመለስሁ። ደጃችን ስደርስ ከውስጥ የሰማሁት ጆንያ እህል ከትከሻ ላይ ሲጣል የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። አንዴ። ቆየት ብሎ ደግሞ አንዴ።

ስገባ እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አፏ ደም በደም ነው። ግራ ክንዷ ከትከሻዋ ወልቆ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ተንጠልጥሏል። አባቴ ከጀሪካን ውኃ እያንቆረቆረ እጁን ይታጠባል። ሮጥሁና ከቦርሳዬ ክብሪቴን አውጥቼ ጫርሁላት። የመጀመሪያው ጠፋ። ሁለተኛውን አፍንጫዋ ሥር ያዝሁት። ዓይኗን ገልጣ እሳቱን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ ሳቀች። በዚያ ደም በሞላው አፏ ሳቀች። ዳነች ብዬ ደስ አለኝ።

«ጎበዝ ልጅ» አለ አባቴ ከኋላዬ።

ጥርሷን ያገኘሁት ከመደቡ ሥር ነው። የልጅ ጥርስ ሲነቀል ወፍ አዲስ እንድታመጣ ጣራ ላይ ይወረወራል። እኔም ወጣሁና ቆርቆሮው ላይ ወረወርሁላት። እየተንከባለለ ተመልሶ እግሬ ሥር ወደቀ። እንደገና ወረወርሁ። በሦስተኛው እዚያው ቀረ።

በማግስቱ እናቴ አበቡ ነጠላዋን ለብሳ ወጣችና ሐዲጃ ቤት ገባች። አልተመለሰችም።

በአገራችን ባሏን ያኮረፈች ሴት የምትሄደው ወላጆቿ ዘንድ ነው። የእናቴ ወላጆች እንፍራንዝ ነበሩ። እሷ ግን ሦስት በር ብቻ ተራመደች። አበቡ እስላም ቤት ተጠግታ ተቀመጠች ተብሎ ብዙ ተወራ። ጾሙ ስለገባ ሁለቱ ከአንድ ድስት ሽሮ ይበሉ ነበር፤ «ሥጋ ከሌለ ምን የሚያጣላን አለ» ትል ነበር ሐዲጃ። እኔ ከአባቴ ጋር ቀረሁ። «ልጄን ከቤቴ የሚያወጣ ወንድ ካለ ይምጣ» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አስታውቋል። እኔ ፍቅር ነው ብዬ ኮራሁ። እናቴ እንፍራንዝ ያልሄደችው ለምን እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ከእኔ መራቅ የምትችለው ሦስት በር ብቻ ነበር።

ሽማግሌዎች ተላኩ። ከአባቴ ጋር ድንጋይ የሚጠርቡት አያ ሰጠኝ እና ቄስ ሐብተ ማርያም በእኛና በሐዲጃ ቤት መካከል ሁለት ሳምንት ተመላለሱ። እናቴ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ታርቃ ተመልሳ ነበር። ያን ጊዜ ግን እምቢ አለች። በመጨረሻ አባቴ፣ «እንቆርባለን» አለ። «ፋሲካ ይለፍና ለዳግማይ ትንሣኤ እኔና አበቡ በቁርባን እንጋባለን።»

አያ ሰጠኝ ወለሉን በዘንጋቸው መታ መታ አደረጉ። «ከዚህ በላይ ካሳ የለም። ምን ትሻለች ከዚህ ሌላ?»

አባቴና እናቴ የተጋቡት በሰማንያ፣ በሽማግሌ ፊት በተፈረመ ውል ነበር። በሰማንያ የተጋቡ ይፋታሉ። አንድ ጊዜ አብረው ከቆረቡ ግን መፋታት የለም፤ የሚለያያቸው ሞት ብቻ ነው። እኔ ይህን አላወቅሁም። እኔ የማውቀው ሥጋ ወደሙ ድውይ እንደሚፈውስ ነው። እናቴ ከቆረበች አትወድቅም። እናቴ እምቢ እንዳትል ለቅዱስ ሚካኤል ስለት ተሳልሁ።

ከቀናት በኋላ ቄስ ሐብተ ማርያም መልሷን ይዘው መጡ። መስቀላቸውን አሳልመውን ከተቀመጡ በኋላ፣

«እሺ ብላለች» አሉ። «ግን አንድ ነገር ትላለች። የሥርዓቱ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ፣ በሽማግሌ ፊት የራስህን ቃል እንድትናገርላት ትፈልጋለች። ምን አድርገህ እንደነበር፣ ከእንግዲህ ምን እንደማታደርግ።»

«ቤተ ክርስቲያን ቃል የላትም እንዴ አባ?» አለ አባቴ።

«አላት እንጂ ልጄ። በዚያ ላይ የራሱን ጨምሮ የተናገረ ሙሽራ እኔም አላየሁ። ግን ነውር የለውም። አስቀድሞ በወረቀት ተጽፎ፣ አውራ ጣትህን አኑረህበት ልየው ነው የምትለው።»

አባቴ በመሠረተ ትምህርት ስሙን ብቻ ነበር የተማረው። እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ከክፍሉ አንደኛ ነበር። ጸሐፊው እኔ ሆንሁ።

የመጀመሪያውን ቃል ቅዳሜ ጠዋት ጻፍነው። እኔ በርጩማዋን እንደ ጠረጴዛ አድርጌ መሬት ተቀመጥሁ፤ አባቴ እየተንጎራደደ ይናገራል። «አበቡ ሆይ በይ። አንቺ የቤቴ ምሰሶ ነሽ። የማዕዘኑ ድንጋይ ነሽ። እስክሞት አከብርሻለሁ፤ ክፉ ቀን አያገኝሽም።» ቃላቱ እንዴት ያምሩ እንደነበር! አንዳንዱን እየደጋገመ በዜማ ይለዋል። እኔ የወደፊት ባሌም እንዲህ ያለ ሰው እንዲሆን ተመኘሁ። ከእስክሪብቶው ቀለም አውራ ጣቱን ቀባሁለትና ከታች ተጫነው።

እናቴ ሐዲጃ ግቢ ውስጥ ባሉት ድንጋዮች ላይ ተቀምጣ አነበበችው። ክንዷ በነጠላ ታስሯል። ስትጨርስ ለሐዲጃ አነበበችላት።

«ዘፈን ነው» አለች ሐዲጃ።

«ዘፈን ነው» አለች እናቴ። ወረቀቱን መለሰችልኝ። «ያደረገው ነገር የለበትም በይው።»

ነገርሁት። አባቴ በርጩማዋን በእግሩ ሲላት ግድግዳው ላይ ሄዳ ተሰባበረች። አንድ እግሯ በጆሮዬ አጠገብ አለፈ። እኔ አልተንቀሳቀስሁም። ወዲያው ሚስማር አምጥቶ፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እያንጎራጎረ መልሶ ሠራት። «እንቅፋት መታኝ ሕልዬ» አለኝ። አመንሁት።

የእናቴ ሐሳብ ሌላ ነበር። ይህን የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ነው። ለመቁረብ አንድም ቀን አስባ አታውቅም። የወለቀ ትከሻዋን ወጌሻ ከመለሰላት በኋላ፣ ከሐዲጃ ጋር ሆና ፍርድ ቤት አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፍ አንድ ሰውዬ ዘንድ ሄዳ ነበር። ሰውዬው እንዲህ አላት፤ «እሱ ወድቃ ነው ሲል፣ አንቺም ወድቄ ነው ስትዪ ኖራችኋል። አሁን መታኝ ብትዪ ማን ያምንሻል? ወይ ያየ ሰው አምጪ፣ ወይ የጣቱ አሻራ ያለበት ወረቀት አምጪ። እነዚያ ካሉሽ ፍቺውም ይሆንልሻል፤ ልጅሽንም ትወስጃለሽ።» ያየ ሰው አልነበረም። እኔ በዚያች በርጩማ ላይ የሠርግ ቃል ኪዳን የምጽፍ መስሎኝ ነበር። እናቴ የምታስጽፈኝ የወንጀለኛ የእምነት ቃል ነበር።

ሁለተኛውን ቃል የጻፍነው በሳምንቱ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። አባቴ ያን ቀን ሥራ አልሄደም፤ አልጠጣም። መደቡ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን እያገላበጠ ሲያይ ቆየ። «ምን ልበል?» አለ። ማንን እንደሚጠይቅ አላወቅሁም። ከዚያ ድንገት ጀመረ።

«ከእንግዲህ ወዲህ አበቡ አትወድቅም።»

ጻፍሁ። ልቤ ዘለለ።

«ጥርሷ አይሰበርም። ዓይኗ አያብጥም። ክንዷ አይወልቅም። ደሟ አይፈስም።»

ሲናገር ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ቀና ብዬ ሳየው እንባው ወርዷል። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ማስመሰል ነበር ለማለት እስከ ዛሬ አልደፍርም። አውራ ጣቱን ቀባሁለትና ተጫነው። ወረቀቱን ሳላጥፍ፣ እንዳይጨማደድ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ሐዲጃ ቤት ሮጥሁ። በሽታው ሊለቃት ነው።

እናቴ አነበበችው። ረጅም ጊዜ አየችው። እናቴ ስድስተኛ ክፍል ድረስ እንፍራንዝ ተምራለች፤ ቋንቋ ላይ ጎበዝ ነበረች ይባላል።

«ሕሊና፣ አስተማሪሽ ባለቤትና ተሳቢ አስተምራችኋለች?»

«አዎ።»

«እስቲ 'ጥርሷ አይሰበርም' የሚለው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ማን ነው?»

«ጥርሷ» አልሁ ፈጠን ብዬ።

«'ክንዷ አይወልቅም'ስ?»

«ክንዷ።»

«ታዲያ ጥርስ ራሱን ይሰብራል? ክንድ ተነሥቶ ራሱን ያወልቃል?»

ሐዲጃ ሳቀች። የሚያስቅ ነገር አግኝታ የሳቀችው ሳቅ አልነበረም።

«ይሄ ባለቤት አይሆንም» አለች እናቴ። ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝ። «ለአባትሽ እንዲህ በይው። ይሄ ባለቤት አይሆንም፤ እውነተኛው ባለቤት ይግባበት። 'እኔ ሰበርሁ' ይበል። 'አትወድቅም' ሳይሆን 'አልጥላትም' ይበል። ገባሽ?»

ገብቶኛል። የሰዋስው ጉዳይ ነው። መንገድ ላይ እንዳልረሳው እየደጋገምሁ ሄድሁ። ሁለተኛው በር ላይ ልጆች ገመድ ይዘላሉ፤ አስገቡኝና ጥቂት ዘለልሁ። ቤት ስገባ መልእክቱ በአፌ አጥሮ ነበር።

«ምን አለች?» አለ አባቴ። ቆሞ ነበር የሚጠብቀኝ።

«ይሄ ባለቤት አይሆነኝም አለች» አልሁ። «ሌላ ባለቤት ይምጣ አለች።»

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ።

«ሌላ ባለቤት?»

«አዎ።»

«ማን ፊት አለች?»

«እትዬ ሐዲጃ ፊት። እትዬ ሐዲጃ ሳቀች።»

ባለቤት በትምህርት ቤት የዓረፍተ ነገር ባለቤት ነው። በቤት ግን ባል ነው። ሰዋስው ያልተማረው አባቴ የሰማው የቤቱን ነው። ይህ በእኔ አፍ የሆነ ነገር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርሁትም።

መደቡ ላይ ተቀመጠ። እጄን እጄን አየ። ሂጂ ተጫወቺ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለኝም። ስለዚህ ዛሬ በሽታው አይነሣም ማለት ነው። ተነሣና ከመሣሪያ ጆንያው የድንጋይ መዶሻውን አውጥቶ በኮቱ ሥር በቀበቶው ሻጠው። ሥራ ሊሄድ ነው አልሁ። እጄን ያዘኝ።

«ነይ እናትሽን እናምጣት።»

ደስታዬን ምን ብዬ ልናገር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ነበር። አያ ሰጠኝ ከአጥራቸው ሥር ተቀምጠው «ወዴት ነው መልካሙ?» አሉ።

«ምሽቴን ላመጣ።»

«ሸጋ ነው። እግዜር ይጨመርበት።»

እጄን አጥብቆ ይዞኝ ነበር። አመመኝ፤ ግን ዝም አልሁ። ሐዲጃ ቤት ስንደርስ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። እሱ ከመጣ እንደማይከፈትለት ሽማግሌዎቹ ነግረውታል። ከግድግዳው ተጠግቶ ቆመና ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «ጥሪያት። ብቻሽን እንደሆንሽ ንገሪያት። ድንገት ስታየኝ ደስ ይበላት» አለኝ። እጄን አልለቀቀውም።

«እማዬ» አልሁ። «ክፈችልኝ። ብቻዬን ነኝ።»

ከውስጥ ሹክሹክታ ሰማሁ፤ ከዚያ የቀሚስ መጎተት የመሰለ ነገር። ቆየ። በጣም ቆየ።

«እማዬ፣ ብቻዬን ነኝ እኮ።»

መቀርቀሪያው ተነሣ። በሩ ገርበብ እንዳለ የእናቴ እጅ ወጥቶ ክንዴን ያዘ። ፊቷን አላየሁም። በዚያ ባልዳነ ትከሻዋ እንዲያ ያለ ጉልበት ከየት እንዳመጣች አላውቅም፤ ከአባቴ እጅ መንጭቃ ወደ ውስጥ ወረወረችኝ። በጉልበቴ ሄጄ የቅመም ጆንያዎቹ ላይ ወደቅሁ። ስለዋሸኋት ተቆጥታ ነው አልሁ።

ዞር ስል አባቴ ገብቷል። መዶሻው ከኮቱ ሥር ወጣ። እናቴ ቀኝ ክንዷን አነሣች። መዶሻው ክንዷን ሲያገኘው የተሰማው ድምፅ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማው ነው። አልጮኸችም። ሁለተኛው ከግራ ጆሮዋ በላይ አረፈ። ደሟ ነጩ ግድግዳ ላይ በቀጭኑ ተረጨ፤ ጥቂቱ ከንፈሬ ላይ ደረሰ፤ ጨው ጨው አለኝ።

ሄዳ መሬት ላይ ተዘረረች። ልክ ክብሪት እንደሚያስፈልጋት ሰው። ክብሪት ግን አልፈለግሁላትም። ማንም ሳያስረዳኝ ሁሉንም እሑድ በአንዴ አየሁት። ወደቀች አይባልም። አባቴ እናቴን ጣላት። ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግስ።

መዶሻውን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሣ ሐዲጃ ከጓዳ ወጣች። በሰፌድ የተነፋ በርበሬ ይዛ ነበር። ሙሉውን ፊቱ ላይ ደፋችበት። አባቴ እንደ በሬ አጓራ። ዓይኑን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው መዶሻውን ያወናጭፋል፤ የበሩን መቃን መታ፤ ጋን መታ፤ የሐዲጃን ትከሻ አገኘ። ቤቱ በቀይ አቧራ ታፈነ። እኔ መተንፈስ አቃተኝ፤ ዓይኔ ተቃጠለ፤ ግን ሁሉን አይቻለሁ። ሐዲጃ አንድ እጇ ዝሎ ተንጠልጥሎ በሌላው ዘነዘናዋን አነሣችና ጉልበቱን መታችው። ተንበረከከ። የመዶሻውን እጅ መታችው። መዶሻው ሲወድቅም አላቆመችም። ጎረቤት ገብቶ ከኋላ እስኪይዛት ድረስ ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ የያዘችው ዘነዘና የደረሰበትን ሁሉ እየቆጠረች እንደሚወቅጥ ሰው ወቀጠችው።

እናቴ አልሞተችም። ከሆስፒታል የወጣችው ፋሲካ ካለፈ፣ ዳግማይ ትንሣኤም ካለፈ በኋላ ነው። ግራ ጆሮዋ ደነቆረ፤ ቀኝ ክንዷ ከክርኑ ተጣሞ ቀረ። ቄስ ሐብተ ማርያም አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ፤ ሲነሡ «ይፍቱኝ የምለው እኔ ነኝ ልጄ» ብለው ወጡ። አያ ሰጠኝ ግን ወደ እኔ መጡ። እኔ ያን ጊዜ ሐዲጃ ዘንድ ነበርሁ።

«ልጄ፣ ዳኛው ሲጠይቅሽ 'ወድቃ ነው' በይ» አሉኝ። «አንዲት ቃል ናት። አባትሽ ይወጣል። የሐዲጃ ምስክርነት ብቻውን አይጸናም፤ ራሷም ደብድባዋለች።»

ችሎቱ ላይ ወንበሩ ከፍ ስላለብኝ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። አባቴ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆሟል። ከስቷል። የዓይኖቹ ነጭ እስከዚያን ቀን ድረስ ቀይ ነበር። ዳኛው ቀስ ብለው ምን እንዳየሁ ጠየቁኝ።

«አባቴ እናቴን በመዶሻ መታት» አልሁ። «ጣላት። ከዚያ በፊትም እሱ ነው የሚጥላት።»

ዳኛው ወደ አባቴ ዞሩ። «ተከሳሽ፣ ለምስክሯ ጥያቄ አለህ?»

አባቴ አየኝ።

«የለኝም» አለ። «ልጄ አትዋሽም።»

ዘጠኝ ዓመት ፈረዱበት። ስድስቱን ታስሮ ወጣ፤ ወደ እኛ አልመጣም። ደባት ወንድሙ ዘንድ ሄዶ በ1998 ዓ.ም. ሞተ። ቀብሩ ላይ ተገኝቻለሁ። ሳይገነዝ በፊት አጎቴ ፊቱን ሲገልጥልኝ እኔ ያየሁት እጆቹን ነው።

ፍቺው እንደጸና እኔና እናቴ እንፍራንዝ ገባን፤ ያደግሁትም እዚያው ነው። ሐዲጃ በየዓመቱ በአረፋ ማግስት እየመጣች ሦስት ቀን ከርማ ትሄድ ነበር፤ እስክትሞት አንድም ዓመት አልቀረችም። ስለዚያ ቀን ሦስታችን ተቀምጠን ስናወራ እኔ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ዝም እላለሁ። እናቴን ያስጣላት ያቀበልሁት የተሳሳተ መልእክት ነው። በሩን ያስከፈተው ውሸቴ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል፣ ልጄን ይዤ እንፍራንዝ ሄጄ፣ ከሰዓት በረንዳው ላይ እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ነገርኋት። ስለ ባለቤቱ ነገር ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። «ልጅ እንደ ፖስተኛ ላክሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ስለ በሩ ስነግራት ግን ደህናውን ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች።

«ብቻዬን ነኝ ብዬ ዋሸሁሽ» አልሁ። «እኔ ባልጠራሽ አትከፍችም ነበር።»

«መቼ ዋሸሽኝ?» አለች። «የሐዲጃ በር ከታች ይህን ያህል ክፍት ነበር።» በጣቶቿ ለካችልኝ። «ጫማሽን አየሁ። ከጫማሽ አጠገብ የእሱን ቦት ጫማ አየሁ፤ ሲሚንቶ የነካው። ሐዲጃም አይታለች። አትክፈቺ ብላ ቀሚሴን ይዛ ስትጎትተኝ ነው የቆየሁት።»

«አውቀሽ ነው የከፈትሽው?»

«አውቄ ነው እንጂ።»

«ምነው እማዬ?»

ሞኝ ነገር እንደጠየቅሁ ሁሉ አየችኝ።

«እጅሽን ይዞሽ ነበር። በሩ ባይከፈት ያ መዶሻ ማን ላይ ያርፍ ነበር?»

ጎንበስ ብዬ የተጣመመ ክርኗን ይዤ ሳምሁት፤ ሳላስበው አጥብቄ ይዤው ኖሮ ፊቷን ቋጠረች።

«ቀስ በይ ልጄ» አለች። «እሱ ክንዴ እኮ እስካሁን ያመኛል።»